ባቱ ላይ «ነዳጅ፣ 10 ደቂቃ»

ጤና ይስጥልኝ፣

አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። የሰው ገመና ሳነብ «እንዲህም አለ እንዴ?» ስል ቆይቼ ተራው የኔ ሆነ፤ ትዕግሥቴ አልቋል።

የምንኖረው ገላን ነው። ልጆቻችን ለራሳቸው በቅተዋል። እቁብ ሲወጣልን እኔና ባለቤቴ በራሳችን መኪና፣ በሞያሌ በኩል ኬንያ ደርሰን ለመመለስ ተስማማን። ሐሳቡ የኔ ነበር። እየበላን፣ እየጠጣን፣ ደስ ያለን ቦታ እያደርን፣ ቀስ ብለን። ባቱ ላይ ዓሣና እዚያው አገር የሚጠመቀውን ወይን፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ይርጋ ጨፌ ቡና፣ ድንበሩን ከተሻገርን በኋላ ደግሞ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር የነሱን የፍየል ጥብስ ከነሱው ወይን ጋር። ደብተር ገዝቼ አንድ በአንድ ጻፍኩት።

እሱ ደብተሬን ወስዶ የጊዜ ሰሌዳ አወጣበት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ሆቴል መግባት፣ በየቀኑ። የመጀመሪያው ቀን አዳር ያቤሎ! ከገላን ያቤሎ እኮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባቱ ፊት ለፊት ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ነዳጅ፣ 10 ደቂቃ»። ሐዋሳን ጭራሽ ሰርዟታል። «ምሳስ?» ብለው «ዳቦ በእንቁላል ከቤት ይያዛል» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ምሳ ቋጥሬያለሁ፣ ለሽርሽርም ልቋጥር? ስስታም ነው እንዳልል ደግሞ አይደለም፤ ለሆቴሉ ደህናውን መርጧል። ብቻ መቀመጥ የለም፣ መንዳት ነው። «ወይኑስ?» ስለው «መኪናው ከቆመ በኋላ እንደፈለግሽ» ይላል። ያኔማ ደክሞኝ እተኛለሁ እንጂ ምን እጠጣለሁ?

የሚነዳው እሱ ብቻ ነው። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግን የግቢውን በር ታክኬ መኪናዋን ከፋቅኋት ወዲህ መሪ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሰውየው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለቅሶ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ሲነጋ ደሴ የሚገባ ሰው ነበር። አሁን ቦሌ ሰርግ ብንጠራ እንኳ ኬኩ ሳይቆረስ «እንሂድ፣ እንሂድ» ነው። ካመሸን ቁልፉን ለልጃችን ይሰጠዋል፤ የመኪና መብራት ያስጠላኛል ይላል። እርጅና ሰው ጠል አደረገው መሰለኝ። ባለፈው እሑድ ሰሌዳውን ቀድጄ ጣልኩበት፤ አንድ ቃል ሳይመልስ ሌላ ጻፈ። ያው ሰዓት፣ ያው ዳቦ።

እህቴ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ? እኔና አንቺ በአውሮፕላን ናይሮቢ እንግባ፣ ናይቫሻ ከዚያ ቅርብ ነው፤ እሱ መኪናውን ይንዳ» ትለኛለች። እቁቡ የሁለታችን ነው። ቲኬቱን ልቁረጥ ወይ? ባሌን ጥዬ ብሄድ ነውር ይሆንብኛል?

ተሳፋሪዋ፣ ከገላን

መልስ

እህቴ፣ ቲኬቱን አትቁረጪ። ነውር ስለሆነ አይደለም፤ ሴት ከእህቷ ጋር ናይሮቢ ብትሄድ ማንም አይሞትም። የተቆጣሽው ባልሽ ባላደረገው ነገር ስለሆነ ነው እንጂ።

ለዳቦ በእንቁላሉ ብዙ ቀለም አፍስሰሽ «የመኪና መብራት ያስጠላኛል» የሚለውን በአንድ መስመር አለፍሽው። እስቲ ሰሌዳውን መልሰሽ እይው። የቸኮለ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ዶሮ ሳይጮህ ቀስቅሶሽ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ነድቶ ሞያሌን ሊይዝ ያስብ ነበር። ያንቺው ሰውዬ ግን ፀሐይ ካልወጣች አይነሳም፤ ሳትጠልቅ ደግሞ፣ ያውም ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ትቶ፣ ቆሟል። ሰውየው የሚሸሸው ምሳን አይደለም፣ ጨለማን ነው። ኬኩ ሳይቆረስ የሚነሳውም ለዚሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ደሴ ይገባ የነበረ ወንድ «ማታ ማየት አቅቶኛል» ብሎ ለሚስቱ ከሚናገር፣ «ሰው ጠል» ቢባል ይመርጣል። አንቺም አልሽው።

ሐኪም አይደለሁም። ግን የዓይን ሞራ ሲጀምር ከፊት የሚመጣ መብራት እየተበተነ እንደሚያስቸግር፣ ሞራ ከሆነም በቀዶ ሕክምና እንደሚወገድ የታወቀ ነው። የመነጽር ጉዳይ ብቻም ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይታይ ከሞያሌ ማዶ መንዳት የለም፣ በቀንም ቢሆን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «መሪ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም»። ለምን አልጠየቅሽም? አንድ የተፋቀ በር ይህን ያህል ዘመን ተሳፋሪ ያደርጋል? ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ የእኛ መኪና መሪም በግራ ነው። ስለዚህ እዚያ ሹፌሩ የሚቀመጠው በሣሩ በኩል ነው። ከፊቱ ጭነት መኪና ካለ ከወዲያ የሚመጣውን የሚያየው ሹፌሩ ሳይሆን በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ከናይሮቢ ናኩሩ በሚወስደው የናይቫሻ መንገድ ደግሞ ጭነት መኪናው አይጣል ነው። «እለፍ» ወይም «ቆይ» የምትይው አንቺ ነሽ። ለዚህ ደግሞ መሪ የያዘ ሰው ዓይን ያስፈልጋል። ከዛሬ ጀምሮ እሑድ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከገላን ቢሾፍቱ ንጂ። በሩንም ራስሽ ከፍተሽ ውጪ።

በወይኑ ነገር ከባልሽ ጋር ነኝ፤ አትከራከሪኝ። ቁልፉ ኪስ ገብቶ እንዲያድር ከተወሰነ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አንድ ብርጭቆም የለም፤ ለሁለት ብትነዱም የለም። የኬንያ ፖሊስ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ይዞ ይቆማል። መፍትሔው ወይኑን መተው ሳይሆን መኪናውን ቀደም ብሎ ማቆም ነው። በዚህ ደግሞ ደብተርሽ ልክ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አዳራችሁ ባቱ ይሁን። ከእናንተ ቤት ወደ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ከሞጆ ወዲያ የፈጣን መንገዱ አለላችሁ። ለምሳ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እዘዙ፤ ጎንና ጎኑ ተሸንሽኖ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰውን፣ ሎሚ ጨምቃችሁ በአዋዜ። ወይኑ የሚጠመቅበት እርሻ በከተማው ደጃፍ ነው፤ ለመጎብኘት ቀድማችሁ ደውሉ። ከወይን ዓይነቱ ሲራ፣ ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ ሁሉም አለ። የወይኑን ዙሪያ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት በሰፊ ቦይ ከልለውታል፤ እስቲ የትኛው የፈረንሳይ ገበሬ ነው ወይኑን ከጉማሬ የሚጠብቅ? ለዓሣው ሻርዶኔውን ቀዝቀዝ አድርገው ያምጡላችሁ፤ ለማታ ሥጋ ካሰባችሁ ሲራ። ክፍላችሁ በእግር የሚደረስ ይሁን።

በማግስቱ ሐዋሳ፣ እሱም ቅርብ ነው። አሞራ ገደል በጠዋት ነው፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ልጆቹ ዓሣውን እዚያው ሲበልቱ፣ አባ ኮዳዎቹ አንጀቱን ሲጠብቁ ቆማችሁ እዩ፤ ከዚያ ሚጥሚጣ የበዛበት የዓሣ ሾርባ። ሲዳማን ሳታልፉ ቡርሳሜ ቅመሱ፤ የእንሰቱ ቂጣ በቅቤ ታሽቶ በሸክላ ሲቀርብ ዳቦ በእንቁላልሽን ትረሺዋለሽ። ይርጋ ጨፌ ላይ ቡናው ሦስተኛው ድረስ ይጠጣ። ቡናውና እንሰቱ ከትልልቁ ዛፍ ሥር የሚያድግበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ከመኪና ወርዳችሁ እዩት።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ የባልሽ ሰሌዳ ይሠራል። ከይርጋ ጨፌ በታች ያለውን የመንገድ ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ከዚያ ከሚመላለሱ ሹፌሮች አጣሩ፤ ደህና አይደለም ካሏችሁ ሐዋሳ ላይ ሰንብታችሁ ተመለሱ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አብዛኛው በረሃ፤ ማርሳቢት እደሩ። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ታልፋላችሁ፤ ፎቶ ተነሱና ሂዱ። ናይቫሻ ግን ሁለት ሌሊት ይገባዋል። ኒያማ ቾማ የሚባለው ጥብሳቸው በኪሎ ይታዘዛል፤ ከሰል ላይ እስኪበስል ሰዓት ይፈጃል፣ የሚቸኩልም የለም። በእንጨት ገበታ ላይ ተከትፎ ከጨው ጋር ይመጣል፤ ጎኑ ላይ ካቹምባሪ፣ እንደ እኛ የቲማቲም ሰላጣ ያለ፣ እና ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ። እዚያ አካባቢ የሚመረተው ወይናቸው ሌሌሽዋ ይባላል። ብቻ ቀኑን ስትመርጪ ዓቢይ ጾም ላይ እንዳይወድቅብሽ፤ ዓሣ ይበላል አይበላም በሚል ክርክር አንድ ሳምንት ይሄዳል።

ቀን ካነሰባችሁ ኬንያን ቁረጡ እንጂ ምሳውን አትቁረጡ። ባቱንና ሐዋሳን በወጉ የበላ ሰው ናይቫሻን ለሚቀጥለው እቁብ ቢያቆይ ምንም አይቀርበትም።

ወረቀቱን ለሱ ተዪለት፣ ሰሌዳ የሚወድ ሰው ነው። የመኪናውን ጊዜያዊ መውጫ ከጉምሩክ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ለመድኑ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለሁለታችሁ።

«ዓይንህ ደክሟል» ብለሽ ግን አትጀምሪ፤ ይክዳል። «ግማሹን እኔ እነዳለሁ፤ ኬንያ ስንገባ ደግሞ የቀኙን አይልሃለሁ፣ ስለዚህ ሁለታችንም ዓይናችንን እንታይ» በዪው። አንቺም ታይ፤ ያን በር የፋቀው ማን ዓይን እንደሆነ ምን ይታወቃል። ቀጠሮውን አንቺ ያዢ፤ ለሱ ከተተወ ሰሌዳው ላይ ቦታ አያገኝም።