ከአጨዳ በኋላ እግር አልታዘዝ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ከቢቸና፦ ወንድሜ ጤፍ ሲያጭድ ውሎ ሲነሳ የቀኝ እግሩ ጣቶች መሬት ይጎትቱ ጀመር። ሕመም የለውም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል በጣት ሲዳሰስ የሚገኝ የአጥንት ጉብታ አለ። እግርን ቀና የሚያደርገው ፔሮኒያል ነርቭ እዚያ ጋ ከቆዳ ሥር አጥንቱን ታክኮ ይዞራል። ለሰዓታት ቁጢጥ ብሎ ማጨድ ወይም ማረም ይጫነዋል፣ ደምም ይከለክለዋል። ቀጭን ሰው ላይ ይብሳል፤ የሚሸፍነው ስብ የለማ።

ወገብም ሊሆን ስለሚችል ለዩት። ወንድምህን አስቀምጠው፣ እግሩን በእጅህ ቀና አድርገህ ያዝለት፤ ቁልቁል ከተንጠለጠለ ፈተናው ያሳስታል። መዳፍህን በአውራ ጣቱ በኩል አድርገህ ወደ ሌላው እግሩ እንዲገፋህ ንገረው። በኃይል ከገፋ ችግሩ ጉልበቱ ጋ ነው፤ ያንን ጡንቻ የሚያዘው ሌላ ነርቭ ነውና። ካቃተው ከወገብ የሚወጣው አምስተኛው ነርቭ ይጠረጠራል። በግራ ጎኑ ተኝቶ ቀኝ እግሩን ሽቅብ ማንሳት ካቃተው ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ጉልበቱ ጋ ከሆነ ቁጢጥ ማለትና እግር አነባብሮ መቀመጥ ይቁም። ሌሊት ቁርጭምጭሚቱን በ90 ዲግሪ የሚይዝ መደገፊያ ያድርግ፣ ባቱም እንዳያጥር ጠዋትና ማታ ይሳብ። ነርቩ ተጭኖ ብቻ ከሆነ ከሳምንታት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ ውስጡ ከተበጠሰ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የነርቭ ምርመራ ሕመሙ ከጀመረ 3 ሳምንት ሳይሞላው ቢደረግ ሊያሳስት ይችላል።

ሽንት አልወጣ ካለው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሁለቱም እግሮች ከከዱት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል!

ከደብረ ማርቆስ፦ እግሬን ደከመኝ። ምን ልውሰድ?

መልስ፦ የትኛው እግር? ከመቼ ጀምሮ? ደነዘዘ ወይስ አልነሳ አለ? ይህን ሳትጽፍ መድኃኒት አልጠራም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ወጌሻ ቢያሸውስ?

ከደጀን፦ ወጌሻ ስንቱን አድኗል! ሐኪም ቤት ሄዶ ከመንገላታት ይሻላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ውልቃት ሌላ፣ ነርቭ ሌላ።

ከደጀን፦ ነርቭም ቢሆን በቅቤ ሲታሽ ይፈታል።

መልስ፦ አይፈታም። የተጫነ ነርቭን በአውራ ጣት መጫን ጉዳቱን ይጨምራል። ከከባድ ሥራ ወይም ከረጅም መንገድ በኋላ ቅልጥሙ ካበጠ፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረና ጣቱን ሲያጥፉለት ሕመሙ የማይቻል ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት፤ ጡንቻው በራሱ ግፊት እየታነቀ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ከሞጣ፦ ጎረቤታችን ሲቆፍር ውሎ በማግስቱ ሁለቱም እግሮቹ ደረቁ። አልደነዘዙም፤ በጣቱ ጫፍ ነው የሚራመደው። ሽንቱ ደህና ነው።

መልስ፦ ምን እየበላ ከረመ? ጓያ ከሆነ ዋናው ጥያቄ እዚህ ነው። ጓያ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለው። ንፍሮና ቆሎ ሆኖ ለ2 ወይም ለ3 ወር ዋና ምግብ ሲሆን ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ከባድ ጉልበት በወጣበት ቀን ማግስት ድንገት ስለሚገለጥ ሰው ሥራውን ይወቅሳል። ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። እንፋሎቱና ገለባው ሽባ ያደርጋል የሚባለው ወሬ ነው፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው። ዛሬውኑ ያቁም፤ የደረሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፣ እንዳይጨምር ግን ያደርጋል። የሚበላው ቤተሰብም አለና እነሱም ይተዉት። ሌላ እህል ከጠፋ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉት፣ በብዙ ውኃ ቀቅላችሁ ያንንም ድፉት፣ ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሉት። መርዙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱም እግሮች ስለሆኑ የአከርካሪ በሽታ አለመሆኑ እንዲታይለት ዛሬ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከደምበጫ፦ ወንድሜ አጨዳ ውሎ እግሩ አልነሳ አለ...

መልስ፦ ከላይ ለቢቸና የጻፍኩትን አንብብ፣ ፈተናውን ሥራና ውጤቱን ይዘህ ና። ሽንቱንም ጠይቀው።

ከዳንግላ፦ የቫይታሚን ቢ መርፌ ይረዳል?

መልስ፦ እጥረት ከሌለ አይረዳም። መቀመጫ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ራሱ እግር ይጥላል።