ወንድሜ ለስፒከር ገንዘብ ሊልክልኝ ነው፤ ልግዛ ወይስ ልማር?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ 22 ዓመቴ ነው። በኤሌክትሪክ ሥራ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደረጃ 3 ጨርሻለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከአክስቴ ልጅ ጋር በየሰርጉና በየምርቃቱ ስፒከር ስሸከም፣ ገመድ ስዘረጋ ቆይቻለሁ። ሳውዲ ያለው ታላቅ ወንድሜ «ሙሉ ሳውንድ ሲስተም ልግዛልህና እያከራየህ ኑር» ብሎኛል። አባቴ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቋሚ ሥራ ያዝ ይለኛል። የኔ ምኞት እነዚያ ትላልቅ ተንጠልጣይ ስፒከሮች ያሉበት ኮንሰርት ላይ መሥራት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። እዚህ የምክር ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት እኔም በደሴና በኮምቦልቻ ድንኳኖች ውስጥ ገመድ ስጠቀልል ነው ያመሸሁት፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርህ። የወንድምህን ገንዘብ አሁን ስፒከር ላይ አታውለው። ሙያውን ግን እንዳትተወው።

ስፒከር ያለው ሰው በአካባቢያችን አልጠፋም። «ሞንታርቦ አለህ?» ብለህ ብትጠይቅ የሚያከራይህ ታገኛለህ፤ የአንድ የጣልያን ፋብሪካ ስም እኛ ዘንድ የድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ዕቃው ተለምዷል። የጠፋው ዕቃውን የሚያሠራ ሰው ነው። በሰርግ ላይ ሽማግሌ ሲመርቅ ቃሉ የማይሰማው፣ ማይኩ የሚያፏጨው፣ ባሱ ደረት እየመታ መሲንቆው የሚሰወረው ስፒከር ስላነሰ አይደለም።

ወንድምህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ይሆናል። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን ለይቶ ያውቀዋል እንጂ «እጥፍ ጮኸ» አይልም። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። በዚያ ላይ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚሸከመው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ 1,000 ዋት የነበረውን ሸጦ 2,000 የገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ትንሽ ነገር ነው ያገኘው። የነበሩትን ሁለት ስፒከሮች ከፍ አድርጎ፣ ወደ ሕዝቡ ራስ አዘንብሎ ቢያቆማቸው ያለ ወጪ የበለጠ ያገኝ ነበር።

አሁን ወደምትመኛቸው ልምጣ። ተንጠልጣዮቹ ላይን አሬይ ይባላሉ። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሰው ክርስቲያን ሄይል ያቋቋመው ኤል-አኩስቲክስ በ1992 እ.ኤ.አ. ቪ-ዶስክ የተባለውን ካወጣ በኋላ ነው በዓለም መድረኮች ላይ የተስፋፉት። ተራ ስፒከር ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያጣል፤ ከመድረኩ 5 ሜትር ላይ ያለው ሰው ጆሮውን ይዞ 40 ሜትር ላይ ያለው «አይሰማም!» የሚለው ለዚህ ነው። ላይን አሬይ፣ በቁመት ተደርድሮ እንደ አንድ ረጅም ምንጭ ስለሚሠራ፣ እስከተወሰነ ርቀት ድረስ የሚያጣው 3 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ለስታዲየም ድንቅ ነው። ለ300 ሰው አዳራሽ ግን አያስፈልግም፤ ለሰርግ ድንኳን ደግሞ የሚሰቀልበትም የለም። ገዝተህ በዓመት ስንት ቀን ታሠራዋለህ?

የሚሻለው በሁለት ተራ ጥንድ ስፒከር ሰፊ ቦታ መሸፈን መቻል ነው። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። ከመድረኩ 34 ሜትር ርቀት ላይ ሁለተኛ ጥንድ ብታቆም፣ በገመድ የሄደው ወዲያው ይደርሳል፤ ከመድረኩ በአየር የሚመጣው ግን በ0.1 ሰከንድ ይዘገያል። ኋላ ያለው ሰው ዘፋኙን ሁለት ጊዜ ይሰማዋል፤ ቃሉም ይደፈርሳል። የኋለኛውን ጥንድ በ0.1 ሰከንድ ማዘግየት ዲጂታል ሚክሰር (የማይኮቹን ድምፅ የሚቀላቅለውና የሚያስተካክለው ሰሌዳ) ላይ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን የሚያደርግ ልጅ ሲገኝ አከራዩ ራሱ ፈልጎ ይጠራዋል።

አንተ ጋ ያለውና ሌሎቹ የሌላቸው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ኤሌክትሪክ ተምረሃል። በደብዳቤህ ውስጥ በአንድ መስመር ነው ያለፍከው፤ ለኔ ግን ትልቁ ሀብትህ እሱ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሰርግ ላይ ሲስተሙ «እምም» ይል ነበር፤ የታወቀው የ50 ኸርዝ ጩኸት። አብሮን የነበረ ልጅ ጩኸቱን ለማጥፋት የሶኬቱን የምድር እግር ቆርጦ ጣለው። ጩኸቱ ጠፋ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ድንኳኑ ሲረጥብ ድምፃዊቷ ከንፈሯ ማይኩን በነካ ጊዜ ወደ ኋላ ተወርውራ ወደቀች። አላህ አተረፋት። እኔም አይቼ ዝም ብያለሁና ያ ሌሊት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የምድር መስመሩ የተቆረጠበት ዕቃ አካሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ ያ ኤሌክትሪክ ወደ ምድር የሚያልፈው ማይክ በያዘው ሰው በኩል ይሆናል። የጊታር ማጉያው ከአንድ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር)፣ ሚክሰሩ ከሌላ ፌዝ ሲሳብ ደግሞ በሁለቱ ፌዞች መካከል 220 ሳይሆን 380 ቮልት አለ። ጩኸቱን የምታጠፋው ሁሉንም ከአንድ ቦርድ በመሳብና የሲግናሉን ገመድ መስመር በማስተካከል ነው። መቁረጫ የያዘ ሰው ስታይ አስቁመው፤ አለቃህም ቢሆን።

ጄኔሬተሩንም አንተ ነህ የምትረዳው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ አፋፍ ላይ ሆኖ የቻለ ጄኔሬተር የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ባሱ በመታ ቁጥር አምፖሉ ሊርገበገብ ይችላል። አከራዩ «ተበላሸ» ይላል፤ አንተ ጭነቱን ቀንሰህ ታድነዋለህ። ስፒከር ስትቀጥልም እንዲሁ፦ አራት ባለ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስፒከሮች በትይዩ ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ከ4 ኦም በታች የማይችል አምፕ (ስፒከሩን የሚነዳው ማጉያ) ያንን ሲጎትት ይሞቃል፣ ከዚያም ይቃጠላል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምረኸዋል።

የቀረህ ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ ይሠለጥናል። ኢኳላይዘሩ (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው) ላይ አንተ ዞር ብለህ ሳታይ ጓደኛህ አንዱን ከፍ ያድርግ፤ አንተ 250 ኸርዝ ነው፣ 1,000 ነው፣ 4,000 ነው ብለህ ገምት። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ለሦስት ወር ብትሠራው ማይክ ገና ማፏጨት ሲጀምር እጅህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል። ከዘፈን ይልቅ በመሲንቆና በከበሮ ተለማመድ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከኛ አገር ነው፤ የኛን ሙዚቃ በአግባቡ የሚያጎላ ሰው ከኛው መውጣት አለበት ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የመሲንቆ ድምፅ ደካማ ነው። ማይኩን ወደ ቆዳው አስጠጋ፤ ርቀቱን በግማሽ ስትቀንስ 6 ዴሲቤል በነፃ ታገኛለህ፣ ማፏጨቱም ይርቃል። የመንዙማ ድቤ ግን ተቃራኒው ነው፤ ምቱ ድንገተኛ ስለሆነ ቀድመህ ዝቅ አድርገህ ጀምር።

ጆሮህንም ጠብቀው። በሥራ ቦታ ለ8 ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ባሱ ስር ተቀምጠህ አትደር።

ስለ ገቢው። ወንድምህ ሳያሰላው የቀረ ነገር አለ። ወሎ ውስጥ በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ሰርግ ይቆማል፤ ረመዳን ሲገባ የሙስሊሙም እንዲሁ፤ ክረምቱ ደግሞ ዝናብ ነው። የተገዛው ዕቃ እነዚያን ወራት ሁሉ መጋዘን ይተኛል፣ ኪራይ ግን ይከፈልበታል። ባለሙያ ግን በዚያ ጊዜም ሥራ አያጣም፤ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ መትከል፣ የሆቴል አዳራሽ ማስተካከል፣ የተቃጠለ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር) መቀየር አለ።

ስለዚህ ወንድምህን የምትጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ አነስተኛ ዲጂታል ሚክሰር፣ ሁለት ጥሩ ማይክ፣ ሄድፎን፣ መልቲሜትርና የጆሮ መከላከያ። ስፒከሩን እየተከራየህ ሥራ። ቀሪውን እሱ ዘንድ ያቆይልህ፤ ሁለት የሰርግ ወቅት ሠርተህ የትኛው ስፒከር እንደሚፈለግ በዓይንህ ካየህ በኋላ አብራችሁ ወስኑ።

የአባትህንም ሐሳብ ቶሎ አትጣለው። የፓርኩን ማስታወቂያ ስታይ የማሽን ኦፕሬተሩን እለፍና የጥገና ኤሌክትሪሽያን የሚለውን ፈልግ። ሦስት ፌዝ፣ ፓኔልና ሞተር በየቀኑ እየነካህ ደሞዝም ታገኛለህ። ከመፈረምህ በፊት ግን ፈረቃው እንዴት እንደሚዞር ጠይቅ፤ ቅዳሜና እሁድ የማያስወጣህ ከሆነ ተመልሰህ ጻፍልኝ፣ ሌላ እንፈልጋለን።