«ወላጆቿ የት ሄዱ?» ለልጆች ለሚጽፉ ወጣቶች የተላከ ደብዳቤ

ለልጆች መጻሕፍት መጻፍና መሣል ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጸሐፊ የመጀመሪያ ረቂቋን ልካልኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በታሪኳ ውስጥ ያለው ልጅ የሚኖረው ከአባቱ ጋር ብቻ ነው፤ ታሪኩ ግን ጎርፍ ስለወሰደው ድልድይና ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ወንዙን ለመሻገር ስለሚያደርገው ሙከራ ነው። «እናቱ ለምን እንደሌለች አንድ ቦታ ላይ መናገር ይገባኛል ወይስ ዝም ልበል?» አለችኝ። መልሱን በሁለት መስመር ጽፌ መላክ እችል ነበር። ነገር ግን ጥያቄው በአርታኢነት ሥራዬ መጀመሪያ ላይ ያየሁትንና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእሷ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ሁሉ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ወሰንሁ።

ያን ጊዜ በአንድ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ረዳት አርታኢ ነበርሁ። ከሚደርሱን ረቂቆች መካከል በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የላኩት አንድ ታሪክ ነበር። አንዲት ልጅ ከአያቷና ከአጎቷ ጋር ትኖራለች፤ አጎቷ በዚያ ሌሊት የጨረቃ ግርዶሽ እንደሚኖር ይነግራታል፤ ሦስቱም ነቅተው ሊያዩት ይስማማሉ። አያት ግን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ልጅቱም «ልቀስቅሳቸው ወይስ ይረፉ?» እያለች ስትጨነቅ ግርዶሹ ይጀምራል። ታሪኩ ይኸው ነው። መምህርቷ ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ጨረቃ ፈጽማ እንደማትሰወር፣ በምድር ከባቢ አየር በኩል ታጥፎ በሚደርስባት የፀሐይ ብርሃን እንደምትቀላ በሚገባ ያውቁ ስለነበር፣ በመጽሐፉ መካከል ቃል የማይጻፍባቸው ሁለት ጥንድ ገጾች (ጥንድ ገጽ የምንለው መጽሐፉ ሲገለጥ ጎን ለጎን የሚታዩትን ሁለት ገጾች ነው) አስበው ነበር። በመጀመሪያው ጨረቃዋ ብቻዋን እየቀላች ትታያለች፤ በሁለተኛው አያት ነቅተዋል፣ ሦስቱም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቀና ብለው ያያሉ። ስለ ልጅቱ ወላጆች በታሪኩ ውስጥ አንድም ቃል አልነበረም።

በስብሰባው ላይ ረቂቁን ያልወደደ ሰው አላየሁም። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ስለ ግርዶሹ አልነበረም። የሽያጭ ኃላፊው «ወላጆቿ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። ሌላው ተቀበሏቸውና፣ ሞተው ከሆነ ይነገር፣ በሕይወት ካሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይምጡ፣ መጽሐፉን የሚገዛው ወላጅ ነውና ይህን ሳያውቅ ልቡ አያርፍም አሉ። ክፋት ያለበት ንግግር አልነበረም፤ ለልጆች አስበው ነው የተናገሩት። ውይይቱ ያለቀውም እናቲቱ ከሩቅ አገር ተመልሳ ቤት ስትገባ የሚያሳይ አንድ ጥንድ ገጽ በመጨረሻ እንዲጨመር በመወሰን ነው።

ይህ ትንሽ ማስተካከያ እንዳይመስላችሁ። የሥዕል መጽሐፍ በአብዛኛው 32 ገጽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ስለሚሰጥና ሁለት እንዲህ ያለ እጥፍ ሲሰፋ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ስለሚወጣው ነው። ከዚያ ላይ የርእሱ፣ የአሳታሚው መረጃና የመታሰቢያው ገጽ ሲቀነስ ለታሪኩ የሚተርፈው ከ12 እስከ 14 ጥንድ ገጽ ነው። ስለዚህ እናትን ለማስገባት ሌላ ነገር መውጣት ነበረበት። እንዲወጣ የተመረጠው ቃል የሌለበት ሁለተኛው ጥንድ ገጽ ሆነ፤ ታሪኩን ወደፊት አያራምደውም ተባለ። ልጅቱ፣ አያቷና አጎቷ አብረው ቀና የሚሉበት፣ ያ ቤት ምንም እንዳልጎደለው ያለ ቃል የሚናገረው ሥዕል፣ ቤተሰቡን «ሙሉ» ለማድረግ ተብሎ ከመጽሐፉ እንዲወጣ ተወሰነ።

ውሳኔውን ለመምህርቷ የማድረስ ሥራ የእኔ ነበር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ ከዚያም ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «በክፍሌ ውስጥ ከአያቶቻቸው ጋር የሚኖሩ ልጆች አሉ። እናታቸው የት እንዳለች ያውቃሉ፤ ወይም የሚያውቅላቸው ሰው እንደሌለ ያውቃሉ። ታሪኩን ሳነብላቸው የሚጠይቁኝ አያት በጊዜው ይነቁ እንደሆነ ነው። በመጨረሻው ገጽ እናት ከመጣች ግን፣ የእነሱ ቤት ገና ያልተቃና ቤት ነው ብዬ መንገሬ ነው። ይህን ልነግራቸው አልችልም።» ረቂቃቸውን አንሥተው፣ አመስግነውኝ ሄዱ። መጽሐፉ በሌላም ቦታ አልታተመም። ከብዙ ዓመት በኋላ ምን እንደሚታተም የመወሰን ሥልጣን ሳገኝ አፈላለግኋቸው፤ ማረፋቸውን ነገሩኝ፤ ዘመዶቻቸውም ከወረቀቶቻቸው መካከል ያን ታሪክ ሊያገኙት አልቻሉም። የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከአያትና ከአጎት ጋር ለሚያድጉ ስንት ልጆች ሊደርስ ይችል የነበረ መጽሐፍ አለመኖሩ፣ አለመኖሩንም የሚያውቅ ሰው ከጥቂቶቻችን በቀር አለመገኘቱ።

በእርግጥ የአርታኢ እጅ በልጆች ታሪክ ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ሲነካካ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጡት የመጀመሪያ እትም ውስጥ፣ «በረዶ ነጭ» (ስኖው ኋይት) በተባለው ተረት በውበቷ ቀንታ ልጅቱን ልታስገድላት የፈለገችው የገዛ እናቷ ነበረች፤ በ1819 እትም እንጀራ እናት ሆነች። በጫካ ስለተጣሉት ወንድምና እህት በሚተርከው ተረትም እናቲቱ በ1840 እትም ወደ እንጀራ እናትነት ተለውጣለች። የእናትነትን ክብር ለመጠበቅ ሲባል የተደረገ ነው ብለው የሚያስረዱ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። የዚያ ለውጥ ዕዳ ግን የወደቀው ከእንጀራ እናት ጋር በሰላም በሚኖሩ ልጆች ላይ ነው፤ የማያውቁት ሰው ሁሉ በአዘኔታ ያያቸዋልና። እኔ ራሴ የእንጀራ እናት ሆና ልጆችን በትዕግሥት ያሳደገች የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ፤ እነዚህን ተረቶች ለልጆቹ ስታነብ ቦታውን ዘልላ እንደምታልፍ ነግራኛለች።

እ.ኤ.አ. በ1965 ናንሲ ላሪክ የተባሉ አሜሪካዊት አንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ «ሁልጊዜ ነጭ ልጆች ብቻ የሚሆኑት ለምንድን ነው?» ብላ መጠየቋን መነሻ አድርገው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በአገራቸው የታተሙ ከ5,000 የሚበልጡ የልጆች መጻሕፍትን የሚመለከት ጥናት አወጡ፤ ቢያንስ አንድ ጥቁር ሰው የታየባቸው 6.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ስለ ዘር እንጂ ስለ ቤተሰብ ዓይነት አልነበረም፤ ለእኛም ያስተማረን ግን በመደርደሪያ ላይ የሌለውን ነገር መቁጠር እንደሚቻል ነው። በ1990 አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ መጻሕፍት ለልጅ የሌላውን ኑሮ የሚያይበት መስኮትም የራሱን የሚያይበት መስታወትም ሊሆኑ ይገባል ብለው የጻፉትን ደግሞ ሁላችሁም ስለምትጠቅሱት አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ልጅ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ቆሞ ብቻ ማየት አይበቃውም፤ ሲሮጥ፣ ሲሳሳት፣ ሲያሸንፍ ማየት ይፈልጋል።

ስለ እናንተ ትውልድ ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ያልደፈርነውን ትደፍራላችሁ፤ በአሳዳጊ ቤት ያለውን፣ በጉዲፈቻ ያደገውን፣ ወላጁ የታሰረበትን፣ ሳምንቱን በሁለት ቤት የሚከፍለውን ልጅ ወደ መጽሐፍ ታመጣላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከሚደርሱኝ ረቂቆች ብዙዎቹ በየገጹ አንድ የቤተሰብ ዓይነት ሥለው፣ ስሙን ጠርተው፣ በመጨረሻ ሁሉም በፍቅር እኩል እንደሆኑ ነግረው ያበቃሉ። ለመምህር ይጠቅማል፤ ልጅ ግን «ድገመው» ብሎ ሲያመጣው አላየሁም። ረቂቃችሁ ሳያልቅ ለብዙ ሰው ታሳያላችሁ፤ የሚያመሰግናችሁም የሚቆጣችሁም አዋቂ ነው፤ ሳይታወቃችሁ ለአዋቂው መጻፍ ትጀምራላችሁ። በአንድ ወቅት ከአባቱ ጋር ብቻ ስለሚኖር ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ እየሄድሁ አነብ ነበር። በየሄድሁበት ስለ እናትየው የሚጠይቀኝ ከኋላ የቆመ አዋቂ ነው። ልጆቹ የሚጠይቁኝ አባትና ልጅ የያዙትን ዓሣ ለምን መልሰው ወደ ውኃ እንደለቀቁት ነበር።

ይህን ብዬ ስጨርስ ግን ራሴን የሚቃወም ነገር መናገር አለብኝ። ከእነዚያ ንባቦች በአንዱ ሁሉም ከወጡ በኋላ አንዲት ልጅ ቀርታ፣ አባቱ የሞተበት ልጅ ያለበት መጽሐፍ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። በእጄ የነበረው የሚወዱት ውሻ ስለሞተባቸው ልጆች የሚናገር ነበር። «እንስሳ አይደለም፤ ሰው ነው የምፈልገው» አለችኝ። ለዚያች ልጅ የጸሐፊ ዝምታ ምን ይጠቅማታል? እሷ የምትፈልገው ሞትን ሞት ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ ነበር። ከሐዘንተኛ ልጆች ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎችም «ተኝቷል» ወይም «ሩቅ ሄዷል» ማለትን አይመክሩም፤ ትንሽ ልጅ ቃሉን እንዳለ ወስዶ መተኛት ሊፈራ ወይም የሄደው እስኪመለስ ሊጠብቅ ይችላልና። እናም ከላይ ካልሁት የሚወጣው «ወላጁ ለምን እንደሌለ አትግለጹ» የሚለው ምክሬና የዚያች ልጅ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ታርቀውልኛል ማለት አልችልም። ያዘነበልሁበት ሐሳብ ይህ ነው፦ የወላጁ አለመኖር ለልጁ አሁን እየደረሰበት ያለ ነገር ከሆነ በግልጽ ይነገር፤ የለመደው ኑሮው ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ልጅ ኑሮ ይተውለት። በወጣቷ ረቂቅ ውስጥ ልጁን የሚያስጨንቀው ድልድዩ ነው። እናቱ ለምን እንደሌለች ለማስረዳት የተጻፈችው፣ በአምስተኛው ገጽ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ትውጣ ብያታለሁ።

«ቤተሰብ አንድ ዓይነት ነው፤ ሌላው ፋሽን ነው» ለሚሏችሁ ሰዎች መልስ ብትፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 5 እና አንቀጽ 20 አንብቡ። የመጀመሪያው ከወላጆች ሌላ ሰፊውን ቤተሰብና ማኅበረሰቡን ይጠቅሳል፤ ሁለተኛው ከቤተሰቡ ለተለየ ልጅ የአሳዳጊ ቤተሰብን፣ በእስልምና ሕግ ያለውን ከፋላ (ልጅን ያለ ጉዲፈቻ ወስዶ ማሳደግ) እና ጉዲፈቻን በስም ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 17 ደግሞ መንግሥታት የልጆች መጻሕፍት መዘጋጀትና መሰራጨትን እንዲያበረታቱ ይጠይቃል። ክርክሩ የሚበረታባቸውም አሉ፤ ሁለት እናቶች ወይም ሁለት አባቶች ያሉት ልጅ የሚታይባቸው መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት እንዲነሡ የተጠየቀባቸው አገሮች አሉ። አዋቂዎች በምንም ይከራከሩ፣ መጽሐፉ ሲነሣ ልጁ በክፍሉ ውስጥ እዚያው ተቀምጦ እንደሚያይ አትርሱ።

ብዙ አንብቡ፣ ደጋግማችሁ ጻፉ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ፤ ታውቁታላችሁ። ሠዓሊዎች ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጸሐፊው ስለ ቤተሰቡ ምንም ካላለ፣ በፊደል መማሪያዎች ላይ እናየው ከነበረው ልማድ እጃችሁ ሳታስቡት አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ይሥላል። በጀርባ ያሉትን ሰዎች ተመልከቱ፦ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚወስዳቸው ማን ነው? የታመመው ልጅ አልጋ አጠገብ የተቀመጠው ማን ነው? አንድ አያት፣ አንድ ታላቅ ወንድም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች እናት በጀርባ ላይ ያለ ማብራሪያ መታየታቸው ብቻ ለአንድ አንባቢ ብዙ ነው። ጸሐፊዎችም የማታውቁትን ቤት ስትጽፉ ከትልቁ ሐዘን አትጀምሩ። ሁለት ቤት ያለው ልጅ በየቀኑ የሚያስጨንቀው የወላጆቹ መለያየት ላይሆን ይችላል፤ የቤት ሥራ ደብተሩ በሌላኛው ቤት መቅረቱ ሊሆን ይችላል። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅም ወደ ቤቱ ከገባበት ቀን በኋላ ሌሎች ብዙ ቀኖች አሉት፤ የምትጽፉለት ግን ሁልጊዜ ያን አንድ ቀን ነው።

ረቂቁን እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያንብብላችሁ። ውለታ አድርጋችሁ አትጠይቁት፤ ሥራ ነውና ክፈሉት። የምታሳዩትም ሠዓሊው ገና በእርሳስ ንድፍ ላይ ሳለ ይሁን። ቀለሙ ካረፈና ገጾቹ ለማተሚያ ቤት ከተዘጋጁ በኋላ የሚመጣ እርማት፣ ትክክል መሆኑን ሁሉም ቢያምንም፣ ጊዜና ገንዘብ የለም እየተባለ ሲታለፍ ደጋግሜ አይቻለሁ።