ዳገት መሃል መቆም ሳትለምድ ዳገት አትውጣ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ሁለት መስመር መልሼ ልተኛ ብዬ ነበር፤ ግን የጻፍከው ነገር በእኔም የደረሰ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ወንድማችን ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ሞተር ነድቷል። አሁን 200 ሲሲ ክሮስ (ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራ) ሞተር ገዝቶ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወርዱት ቀጫጭን የእግር መንገዶች ላይ መንዳት ጀምሯል። ሲወጣ የፊት ጎማው ይነሳበታል፣ ሲወርድ ደግሞ ፍሬን በያዘ ቁጥር ይንሸራተታል። ሁለት ጊዜ ወድቋል። «ጎማ ልቀይር ወይስ ሞተሩ ነው አቅም ያጣው?» ይላል።

ለጊዜው ጎማም ሞተርም አትቀይር፣ ገንዘብህን ያዝ። መጀመሪያ ዳገት መሃል ላይ መቆምና ዞሮ መመለስ ተማር። ሁሉም ሰው የሚለማመደው መውጣት ነው። መውጣቱ ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ስለማያውቅ ይፈራል፣ ስለሚፈራ ደግሞ ጋዝ ያበዛል። የፊት ጎማህ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

እኔ እነዚህ ተራሮች ላይ መንዳት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ ባለች አንዲት ቀጭን መንገድ እየወጣሁ ነበር። በግራ በኩል ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ አለ፣ ሰው ሙሉ የሚውጥ። በቀኝ ቀይ አፈር ተቆርጦ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ግማሽ ላይ ስደርስ ከላይ እንጨት የተሸከሙ አራት እናቶች ብቅ አሉ። ሸክማቸው ከመንገዱ ይሰፋል። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ የሚያዩት እግራቸው ስር ያለውን ብቻ ነው። ደነገጥኩና የፊት ፍሬኑን ጨመቅኩት፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮንም አብሬ ያዝኩ። ሞተሩ ቆመ ስል ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። የፊት ጎማው አይዞርም፣ ግን ደርቆ እየተጎተተ ይመጣል። ወደ ቦዩ በኩል ተጋደምኩ፣ ቁርጭምጭሚቴ ማርሚታው ስር ቀረ። ጠባሳው እስካሁን አለ።

ፊት የነበሩት እናት ሸክማቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወረዱ። ምንም ሳይሉ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ አንስተው ከኋላ ጎማው ስር ሸጎጡት። ሞተሩ ቀጥ አለ። «ታኮ ሳታደርግለት ይቆማል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ አብረዋቸው ያሉት መጥተው እግሬን አወጡልኝ።

ድንጋዩ የገባው የኋላ ጎማ ስር ነው፣ ልብ በል። ዳገት ላይ ክብደቱ በአብዛኛው ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። የፊት ጎማው መሬቱን ነካ ነካ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ፍሬኑን ምንም ብትጨምቀው ብቻውን አይዝህም። የሚይዝህ ማርሽ ውስጥ ያለ የኋላ ጎማ ነው። ሞተሩ አቅም ሲያንሰው ወዲያው ፍሪሲዮን መያዝ የከተማ ልማድ ነው፣ እዚህ ተወው። ሞተሩ ይጥፋ። ማርሽ ውስጥ እንዳለ ከጠፋ የኋላው ጎማ ራሱ ታኮ ይሆናል። ከዚያ የፊት ፍሬን ጨምርበትና ተንፍስ። እግርህን ሁልጊዜ በተራራው በኩል አውርድ። በገደሉ በኩል ካወረድከው መሬቱን ከጠበቅከው ቦታ አታገኘውም፣ ሞተሩም አንተም አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

ለመዞር ደግሞ ቸኩለህ አትታገል። ፍሪሲዮኑን ትንሽ ለቀቅ፣ መልሰህ ያዝ እያደረግክ ሞተሩን ስንዝር በስንዝር ወደ ኋላ ታወርደዋለህ፣ መሪውን አጥፈህ፣ መንገዱን አቋርጦ እስኪቆም ድረስ። መንገዱ ለዚህ የማይበቃ ከሆነ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፣ ሞተሩን በተራራው በኩል ቀስ ብለህ አስተኛው፣ ከዚያ የፊት ጎማውን ጎትተህ ወደ ታች አዙረው። ሱሉልታ አካባቢ ለስለስ ያለ ዳገት ፈልግና ይሄን 20 ጊዜ ሥራው። ሆን ብለህ መሃል ላይ አጥፋ፣ ቁም፣ ዙር፣ ውረድ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ዳገት ስትወጣ ልብህ እንደ ድሮው አይመታም፣ እጅህም ጋዙ ላይ ይረጋል።

አሁን ወደ ጎማው መነሳት እንምጣ። ስትወጣ ተቀምጠህ ነው የምትነዳው ብዬ እገምታለሁ። ተነስተህ ቁም፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርግ፣ ደረትህን ወደ መሪው አስጠጋ። ዳገቱ በበረታ ቁጥር ወደፊት ትሄዳለህ። ግን በጣም አትሂድ፣ የኋላ ጎማው ክብደት ካጣ በባዶ ይሽከረከራል። የማርሽ ምርጫህን ዳገቱን ሳትጀምር ታች ሆነህ ጨርስ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ማርሽ ይሻላል፣ አንደኛው ጋዝ ስትሰጠው ይዘላል። ዓይንህ ጎማው ላይ ከሆነ የምታየው ድንጋይ ላይ ትሄዳለህ። አሥር ሜትር ወደፊት እይ። ጎርፍ የሠራው ቦይ ውስጥ ከገባህ ደግሞ ለመውጣት አትታገል፣ እስኪያልቅ ተከተለው።

ሞተሩ አቅም አንሶታል ወይ ላልከው፣ አዎ አንሶታል፤ ችግሩ ግን አየሩ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የእንጦጦ ጀርባ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ ያየኸው የፈረስ ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሰጠው ነው፤ እንጦጦ ላይ ሩቡ ወይም ከዚያ በላይ የለም። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ከሆነ ደግሞ አየር አንሶ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈትተህ እየው። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ ቀዳዳዋ አንድ ቁጥር ዝቅ ባለች መቀየር ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። አየር ማጣሪያውንም ማጠብ አትርሳ፣ የበጋ አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል።

ቁልቁለቱ ልክ ተቃራኒው ነው። አሁን ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ መጥቷል፣ ስለዚህ በደንብ የሚይዝልህ የፊት ፍሬን ነው። አንተ ግን እሱን ስለምትፈራ የኋላውን ትረግጣለህ፣ የኋላው ደግሞ ክብደት ስለሌለው ይቆለፍና ወደ ጎን ይሄዳል። አይደል? አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። ወገብህን ወደ ኋላ ሳብ፣ ታንከሩን በጉልበትህ ጨብጥ። የፊት ፍሬኑን በአንድ ጣት ቀስ እያልክ ጨምር፣ በድንገት ብቻ አትጭመቀው። ጎኑ ገደል የሆነ መንገድ ላይ ከሆንክ በገደሉ በኩል ያለውን መርገጫ ጫን በልና ሰውነትህን ቀጥ አድርግ። ወደ ተራራው ማዘንበል ያምርሃል፤ ያኔ ጎማው ከስርህ ይወጣል።

ስለ መሬቱ ሁለት ነገር። እዚህ አካባቢ የባሕር ዛፍ ጉቶ ይፈራል። ዛፉ በገጀራ ሰያፍ ስለሚቆረጥ ጫፉ እንደ ጦር ይሾላል፣ ቅጠል ይሸፍነዋል። አንድ ጊዜ ጎማና ካላማዳሪያ አብሮ በስቶብኛል፣ ጓደኛዬን ደግሞ ቅልጥሙ ላይ ወግቶታል። ቦት ጫማና የጉልበት መከላከያ ሳታደርግ አትውጣ፣ ስለ ሄልሜቱ አልነግርህም። ሁለተኛው፣ ለማገዶ ቅጠሉ ተጠርጎ የተወሰደበት መንገድ ንጹሕና ጥሩ ይመስላል። አይደለም። የሚቀረው የባሕር ዛፍ ፍሬና ጠጠር ነው፣ ጎማ ስር እንደ ኳስ ይንከባለላል። እዚያ ላይ ፍሬን አትያዝ፣ ቀድመህ ቀንስ። በክረምት ደግሞ የሱሉልታው መረሬ (ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር) ጎማህን ሞልቶ ያቆመዋል፤ እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀጭን መንገድ ላይ አልወጣም። መንገዱንም እናርሰዋለን፣ የምናርሰው ቦይ በሚቀጥለው ዓመት ገደል ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ይሄን ያዝልኝ። መንገዱ የእኛ አይደለም። ያቀኑት እንጨት ተሸካሚዎቹ፣ አህዮቹ፣ ተማሪዎቹና ጸበልተኞቹ ናቸው። የተሸከመ ሰው ካየህ ሩቅ ሆነህ አጥፋ፣ ጠርዝ ያዝ፣ እስኪያልፍ ቁም። ፈረስ ወይም በቅሎ ከሆነማ ሄልሜትህን አውልቀህ ድምፅህን አሰማ፣ ሰው መሆንህን ሲያውቅ ይረጋጋል። ሱሉልታ በኩል «አካም ጅርቱ» በል፤ ሞተርህ ሲበላሽ የሚገፋልህ ያው ሰላም ያልከው ገበሬ ነው። በወሩ 21 ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፣ የዚያን ቀን ወደ ሌላ ሂድ። የእንጦጦ ፓርክንና የመናገሻ ሱባን ደን ተዋቸው። ከተማው በ2011 መጨረሻ ሞተር ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ ወረቀት መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ሰነድህን ይዘህ ውጣ። ብቻህንም አትሂድ፤ ሦስት ሰው ጥሩ ነው፣ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አጠገቡ ይሆናል፣ አንዱ እርዳታ ይጠራል። ትርፍ የፍሪሲዮን ካቦ ከመቀመጫው ስር ይኑርህ።

ጎማ ልቀይር ወይ ያልከውን ልምምዱን ስትጨርስ እናወራለን። ለጊዜው ንፋሱን ትንሽ ቀንስ፣ ለከተማ የሞላኸው ከሆነ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነው የሚነጥርብህ። ነገ ጠዋት ካንዴላውን ፍታና ፎቶ አንስተህ እዚሁ ስር ላክልኝ፣ ቀለሙን አይቼ እነግርሃለሁ።