ከጣርማበር ቁልቁለት ላይ ኩርባ አያያዝና ነዳጅ አሰጣጥ

ወንድሜ፣ «የሞተር ሳይክል የመም ተወዳዳሪዎች ኩርባው ሳያልቅ ነዳጅ ይሰጣሉ፤ እኔ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ እንደ እነሱ ስሞክር ሞተር ሳይክሉ ወደ መሀል መስመር ይወጣብኛል» ብለሃል። በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት ስለተመላለስኩ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ችግርህ ነዳጅ ከመስጠትህ በፊት የተፈጠረ ይመስለኛል። ተወዳዳሪዎቹ ነዳጅ የሚሰጡት ፍሬን ይዘው፣ ማርሽ ቀንሰው፣ ሞተር ሳይክሉን ወደ ኩርባው ካጋደሉ በኋላ ነው። ሲያጋድል ፍጥነቱ በራሱ ይቀንስና ክብደቱ በፊት ጎማ ላይ ይጫናል፤ ጥቂት ነዳጅ ሲያገኝ ክብደቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለቱም ጎማዎች መንገዱን በደንብ ይይዛሉ። ነዳጁ መጀመሪያ የሚሰጠው ለመርጋት ነው፤ ፍጥነት የሚጨመረው መውጫው ሲታይ ነው። በአንድ ጊዜ ከከፈትከው ሞተር ሳይክሉ ቀና ይልና ወደ ውጭ ይሰፋል። ደንግጠህ በአንድ ጊዜ ከዘጋኸው ደግሞ የኋላው ጎማ ይቀልና መያዣ ያጣል።

ቁልቁለት ላይ ይህ ሁሉ ይብሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው የሚወርዱ አሉ፤ እባክህ ይህን አታድርግ። ማርሽ ከሌለ ሞተሩ አይይዝህም፤ ነዳጅ ብትሰጥም ጎማው ጋ አይደርስም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረድ።

ከፍታውንም አትርሳ። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ በተለይ ካርቡሬተር (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ይዘገያል። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ያው የእጅ እንቅስቃሴ ብዙ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ ላይ የለመደ እጅ ታች ሲደርስ ይበልጥ ይለዝብ።

የነዳጁን እጀታ ከላይ አንቀህ አትያዘው፤ እንደ በር እጀታ ከጎን ያዘው፣ ክርንህም ዝቅ ይበል። ታንከሩን በጉልበቶችህ ጨብጥ። ክብደትህን ክንድህ ከተሸከመው እያንዳንዱ ጉድጓድ በእጅህ በኩል ወደ ነዳጁ ይሄዳል፤ ሞተሩ የሚንገጫገጨውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

መም ላይ ስፋቱ ሁሉ የተወዳዳሪው ነው። እዚህ ግማሹ ብቻ ነው ያንተ፤ በቀሪው ከኮምቦልቻ የሚመጣ ከባድ መኪና ሊኖር ይችላል፣ ጉሙም ይሸፍነዋል። ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ኩርባ ቶሎ አትታጠፍ፤ መውጫው እስኪታይህ በመስመርህ ውስጥ ወደ ግራ ቅረብ፣ ከዚያ ታጠፍ። ወደ ግራ በሚታጠፈው ደግሞ ጭንቅላትህ መሀል መስመሩን እንዳይሻገር ጠብቅ። የተወዳዳሪዎችን ፍጥነት እዚህ መለማመድ ፈጽሞ አይገባም።

ለልምምድ ሰፊና ጠጠር የሌለበት ባዶ ቦታ ፈልግ፤ በሁለተኛ ማርሽ ክብ እየዞርክ የሞተሩን ድምፅ አድምጥ። ሳይቆራረጥ እየጨመረ ከሄደ እጅህ ተገርቷል። ይህን ከመጀመርህ በፊት የነዳጁን ሽቦ እይ፦ እጀታው ሞተሩን ሳይነካ ብዙ የሚዞር ከሆነ በእጅህ ሳይሆን በሽቦው ምክንያት ይነጥራል። ካጠበቅከው በኋላ ሞተሩን አስነስተህ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙር፤ ድምፁ ከጨመረ ከመጠን በላይ ጠብቋልና መልሰህ አላላው።