ለግቢ ጌጥ የሚሆን ዛፍ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሳይገባ ችግኝ ልትገዙ ያሰባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ጋሼ፣ ቤታችን 150 ካሬ ላይ ነው። በሩ አጠገብ ጃካራንዳ ብተክልስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ሐምራዊ አበባ የማይወድ የለም፤ ግን የሚያምረው መንገድ ዳር ነው። ሲያድግ ከ10 ሜትር ያልፋል፣ ወደ ጎንም ይንሰራፋል። ደቃቅ ቅጠሉ ያንቺንም የጎረቤትሽንም አሸንዳ ይደፍናል። ቦትል ብራሽ የሚባለው ትንሽ ዛፍ ይሻልሻል፤ አበባው ቀይ ነው፣ ወፍ ይወደዋል፣ እየከረከምሽ በ3 ሜትር ልታቆሚው ትችያለሽ። ችግኝ ስትገዢ አበባውን ሳይሆን የዛሬ አስር ዓመት የሚይዘውን ቦታ ጠይቂ። ሻጩ ላይነግርሽ ይችላል፤ እሱ የሚሸጠው አንድ ክንድ ችግኝ ነው።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ አፈራችን መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ነው። የተከልኩት ሁሉ ክረምት ላይ ይደርቅብኛል። ውሃ እያለ ለምን?

መልስ፦ ውሃው ነው የሚገድለው። መረሬ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረህ በለስላሳ አፈርና በፍግ ስትሞላው ገንዳ ሠራህ ማለት ነው፤ የዙሪያው አፈር ውሃ ስለማያሳልፍ ዝናቡ እዚያው ይጠራቀማል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በጋ ላይ ደግሞ መሬቱ ሲሰነጠቅ የተረፈውን ሥር ይበጥሰዋል። ስለዚህ ጉድጓዱን ትተህ አፈሩን ወደ ላይ ከምር፤ ጉልበትህ ድረስ የሚደርስ ሰፋ ያለ ጉብታ ሥራና አናቱ ላይ ትከል። ከጉብታው ግርጌ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ቅደድ። በጋው ሲገባ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍነው፤ ስንጥቁ ይቀንስልሃል። ወይራ እንዲህ ያለውን ረግረግ አይወድም፤ ቦትል ብራሽ ግን ይችለዋል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ያየሁት እሳት የመሰለ ቀይ ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ይሆናል?

መልስ፦ ያዩት «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚባለው ነው፤ የማዳጋስካር ተወላጅ ነው፣ ሙቀት ይፈልጋል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ እኛ ግን ከ2,300 በላይ ነን፤ ብርዱ አይስማማውም። ቀይ ከፈለጉ የራሳችን ኮርች አለልዎት። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ገጠር ለአጥር ቅርንጫፉን ቆርጠው ሲተክሉት ይጸድቃል። እሾህ አለው፣ ቅርንጫፉም ተሰባሪ ነውና መኪና ከሚቆምበት ያርቁት። ገበያ ላይ ለምን እንደተናቀ አይገባኝም።

ጥያቄ፦ ዝግባ እስኪያድግ እኔ እኖራለሁ?

መልስ፦ ዝግባ በልጅነቱም ያምራል፤ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አይራገፍም። ግቢዎ ሰፊ ከሆነ ይትከሉ። ጠባብ ከሆነ ግን ይቅር፤ የልጅ ልጆችዎ መቁረጫ ፈቃድ ሲያሳድዱ ይኖራሉ።

ጥያቄ፦ ሴፕቲክ ታንካችን አጠገብ ፊከስ አለ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሥሩ እርጥበት ተከትሎ ሄዶ ግንቡን ይሰነጥቃል። ሳይጠነክር ንቀሉት።

ጥያቄ፦ መቼ እንትከል?

መልስ፦ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ፣ መሬቱ ጠግቦ ውሃ ሲጠጣ። ላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ አውጡ፤ ከነላስቲኩ የሚተክል ሰው አሁንም አያለሁ። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት፣ ግንዱን ችግኝ ቤት ከነበረበት በላይ በአፈር አትቅበሩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጥግብ አድርጋችሁ አጠጡ።