«የሰው ጽሑፍ ስታርሚ ዓመት ፈጀሽ» ለተባለችው የደሴ ልጅ

እህቴ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ማታ አነበብኩትና እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

ለሌሎቻችሁ ነገሩን ላሳጥረው። የልጅቷ ወላጆች ቦረና ሳይንት ናቸው፣ እሷ ደሴ ነው ያለችው። በባዮሎጂ ማስተርስ አላት። መምህሯ ውጭ አገር ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ቺምፓንዚ ደኅንነት የጥናት መጽሐፍ ሲያሰናዱ «እስኪ አግዢኝ» አሏት። 14 ወር አገዘች። 19 ምዕራፍ። ብር የለም፣ ውል የለም። አሁን መጽሐፉ ሊታተም ነው፣ እሷ ደግሞ ሲቪዋ ላይ ምን ብላ እንደምትጽፈው ጨንቋታል። አባቷ «አስተማሪነት ተቀጠሪ» ይላሉ። ጅዳ ያለችው አክስቷ «ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ ነይ» ትላለች። «እኔኮ ምንም አልጻፍኩም፣ ያረምኩት የሰው ጽሑፍ ነው» ብላ ደብዳቤዋን ጀመረች።

ይቺን «ምንም» አልወደድኳትም።

ራስሽ የነገርሽኝን መልሼ ልንገርሽ። አንዱ ምዕራፍ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ቺምፓንዚ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ «ደስተኛ ቺምፓንዚ» ተብሎ ተጽፏል። አንቺ ገብስ ከጭላዳ ዝንጀሮ ስትጠብቂ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ጭላዳ ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያወጣ እየሳቀ እንዳልሆነ፣ መንጋው ውስጥ አንድ ነገር እንደተነሳ ማንም ሳያስተምርሽ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ጠረጠርሽ፣ አነበብሽ፣ ቺምፓንዚም እንደዚያ ጥርሱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ሲፈራ ወይም ለበላዩ ሲያጎበድድ መሆኑን አገኘሽ። እስኪ አስቢው፣ ስለ እንስሳት ደኅንነት በተጻፈ መጽሐፍ ላይ የፈራ እንስሳ «ደስተኛ» ተብሎ ሊታተም ነበር! ያን ሁሉ ሊቅ አልፎ አንቺ ጋ ነው የተያዘው።

ግን ጸሐፊው ፕሮፌሰር ስለሆኑ «እኔ ማን ነኝና» ብለሽ ሦስት ሳምንት ዝም አልሽ። ከ14 ወሩ ሁሉ ያናደደኝ ይኸ ሦስት ሳምንት ነው። አርታኢ የሚፈለገው እኮ ነጠላ ሰረዝ ለማስተካከል ብቻ አይደለም። አንድ ቃል ነገሩን ሁሉ ይቀይረዋል። እንግሊዛዊቷ የቺምፓንዚ ተመራማሪ ጄን ጉዶል በ1960 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ያለው ጎምቤ ጫካ ገብታ ቺምፓንዚ ማጥናት ስትጀምር ዲግሪም አልነበራት። የመጀመሪያ ጽሑፏን ስትልክ አርታኢው «ሂ» እና «ሺ» ያለችውን እየሰረዘ «ኢት» አደረገባት። እሷም ሰረዙን ሰርዛ መለሰችው። በእኛ ቋንቋ ጭላዳ ወይ እሱ ነው ወይ እሷ፣ መሸሸጊያ የለም፤ በእንግሊዝኛ ግን ያቺ ትንሽ ቃል እንስሳውን ዕቃ ታደርገዋለች።

ደግሞ አንዱ ጸሐፊ «ደኅንነት» ሲል ጤናን፣ ሌላው የእንስሳውን ስሜት ማለቱ እንደሆነ ደርሰሽበት ለሁሉም የቃላት ሰንጠረዥ ሠርተሻል። አምስት ወር የዘገየን ሰው ሳታስቀይሚ ምዕራፉን ተቀብለሻል። ይኼ ሙያ ነው፣ ውለታ አይደለም። ሰንጠረዡን እንዳትጥይው፣ ለሥራ ስታመለክቺ የምታሳይው እሱን ነው።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ። ኮምቦልቻ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ማታ ማታ የሰው መጽሐፍ አርም ነበር። አንዱን ስምንት ወር ለፋሁበት። ታትሞ ሲመጣ የምስጋናው ገጽ ላይ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር አለ፣ እኔ የለሁም። ውል አልነበረኝም፣ ማንን እከሳለሁ? ከዚያ ወዲህ ያለ ውል አንድ ገጽ አልገለጥኩም። ኋላም ማስተማሩን ትቼ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ሥራ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለመምህርሽ ጻፊላቸው፣ በቃል ሳይሆን በኢሜይል። የሠራሽውን ዘርዝሪ፣ ስምሽ «ረዳት አርታኢ» ተብሎ እንዲገባ ጠይቂ፣ የሥራ ማስረጃ ደብዳቤም ጨምሪበት። የመጨረሻው ፕሩፍ፣ ማለት ከኅትመት በፊት የሚታየው የመጨረሻ እርማት፣ ከተዘጋ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ስላለፈው ብር አትጣዪ፣ እንዲህ ባለ መጽሐፍ ላይ ምዕራፍ የጻፉት ሰዎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈላቸውም። ለሚቀጥለው ግን መጀመሪያ ውል።

አባትሽ አልተሳሳቱም፣ ደመወዝ ደመወዝ ነው። አስተምሪ፣ ማታ ታርሚያለሽ።

ጅዳን በተመለከተ ግን አልሸፋፍንልሽም። የአክስትሽ ብር ቤታችሁን እንዳቆመ አላጣሁትም፣ ወሎ ውስጥ ከዚህ ብር ያልቀመሰ ሰፈር የለም። ግን አክስትሽ የምታሰላልሽ የመጀመሪያውን ዓመት ነው። አምስተኛው ዓመት ላይ የሰው ቤት ስታጸጂ ማስተርስሽ የት ይሆናል? የወንድሞችሽ የትምህርት ቤት ክፍያም ያንቺ ብቻ ዕዳ አይደለም፣ ይኼን ሁለተኛው ቡና ላይ ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ስለ ፒኤችዲ ላነሳሽውም፣ ይቆይ። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ላልሽው ደግሞ፣ 19 ምዕራፍ ያረመ ሰው ይህን ሲል ያስቀኛል።

የፎቶውን ነገር ግን ሳትጨርሺልኝ ደብዳቤሽን ዘጋሽው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለፕሮፌሰሩ መላክሽን ነግረሽኛል፣ ምን እንዳሉሽ አልነገርሽኝም። ተቀየረ ወይስ ቺምፓንዚው እስካሁን «ደስተኛ» ነው?